የውሸት መስኮቱ ጠበቃ

በእንግሊዝ አገር፣ ጣሪያው የሚያፈስ እንኳ ቢሆን፣ ከባለቤቱ በላይ ባለቤት የሆነ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ የሌለው ጥንታዊ ቤት የለም። የእኛው የኤልመርተን ቤት አስጎብኚ ክቡር ሚስተር ኦስዊን ፕራትሊ ናቸው።

ክቡርነታቸው ዋናው ደረጃ ሥር ይቆማሉ። ማንም እንዳይቀመጥባቸው በየወንበሩ ላይ የጥድ ፍሬ የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸውም በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ሲቀመጡ ያየ የለም። አንድ ጎብኚ የጣሪያውን ጌጥ አይቶ፣ "ጥሩ ስሚንቶ ነው" ቢል፣

"ስሚንቶ አሉ? ጌታዬ፣ ኖራና የፍየል ጠጉር ነው! ይቅርታ ይጠይቁት!" አሉት።

ሰውየው አንጋጦ ጣሪያውን ይቅርታ ጠየቀ። እኔም ደግሜ አየሁት፤ እውነትም የሚያምር ነው።

የባሰው የመስኮቱ ጉዳይ ነው። ከፊት ለፊት ካሉት አሥራ ሁለት መስኮቶች አንዱ መስኮት አይደለም። ጥቁር የተቀባ ግድግዳ ነው፤ ፍሬሙም በነጭ ቀለም የተሳለ። ባለቤቴ ዊልፍ አውቶቡስ ነጂ ነበር። እሑድ እሑድ ሣሩ ላይ ቆመን፣ "ድሮ በመስኮት ቁጥር ልክ ግብር ይከፈል ነበር። እሱን ሽሽት የደፈኑት ነው" ይላል፤ ሆን ብሎ ጮክ አድርጎ።

ክቡርነታቸው ከውስጥ ይወጣሉ። "ሚስተር ትሬስለር፣ ስንቴ ልንገርዎ? ከጀርባው የጭስ መውጫ አለ! ቤቱ ሲሠራም መስኮት አልነበረም። ግራው ከቀኙ እንዲመጣጠን ነው!"

"ለግብር ነው፣ ኦስዊን። አንተ የሀብታም ጠባይ አታውቅም።"

ዘጠኝ ዓመት ተከራከሩ።

ዊልፍ ከገና በኋላ ሞተ። በፋሲካ ቤቱ ለጎብኚ ሲከፈት ብቻዬን ሄድኩ። ስለ መስኮቱ የሚሳሳት ሰው ከእንግዲህ የለም ብዬ፣ በሩ ጋ ስደርስ ልመለስ ነበር።

ሚስተር ፕራትሊ ሣሩ ላይ እንግዶች ይዘዋል። አንዲት ሴት፣ "ያኛው ለምን ተደፈነ?" አለች።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እመቤቴ፣ ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ፣ ግራው ከቀኙ እንዲመጣጠን ነው የሚለው የእኔ ነው። ሁለተኛው፣ ለግብር ነው የሚለው የሚስተር ዊልፍ ትሬስለር ነው።"

"ትክክሉ የማን ነው?"

ያኔ አዩኝ። "ክርክሩ አላለቀም" አሉ።

"ለግብር ነው" አልኩ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በልቤ ለእሳቸው ስፈርድ የኖርኩት እኔ።

"ወይዘሮ ትሬስለር!" አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። "ስንቴ ልንገርዎ?"