የጋሽ ሸንሻኝ ነጠላ ሰረዝ

ያገኘውን ትልቅ ነገር ሁሉ ካላሳነሰ ምግብ የማይወርድለት ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ካፖርቱን ጃኬት፣ ቁም ሣጥኑን መደርደሪያ፣ አንሶላውን መጋረጃ ያደርገዋል። የኛው ሰው ግን ከሁሉም ይብሳሉ። እሳቸው የሚያሳንሱት ሙዚቃ ነው።

ክቡር ጋሽ ሸንሻኝ በሥራቸው መሬት ቀያሽ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው መሬት ሲሸነሽኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ እጃቸው አላርፍ አለ። ስለዚህ ስልሳ ሰው የሚጫወተውን ክላሲካል ሙዚቃ ለአራት ፍሉት መሸንሸን ጀመሩ። አራቱ ፍሉት እኛ ነን፦ እሳቸው፣ ነርስ የሆነችው ታናሽ እህታቸው፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ እና የማተሚያ ቤት አራሚ የሆንኩት እኔ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በዳቦ ቤቱ ጓዳ፣ በዱቄት ጆንያ መሀል እንለማመዳለን። ጥቁር ለብሶ የመጣ ነጭ ለብሶ ይመለሳል።

መጀመሪያ ያመጡልን ሥራ ገና ሲከፈት ከበሮ የሚያጓራበት ነበር። ጋጋሪው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ሳይቀር አየ።

«ጋሼ፣ ከበሮውስ የት ሄደ?»

«የቀረውን ጆሮ ይሞላዋል» አሉ ክቡርነታቸው።

መለከቱን ጠየቅን፤ ጆሮ ይሞላዋል። ሃያውን ቫዮሊን ጠየቅን፤ እሱንም ጆሮ። ያ ምስኪን ጆሮ የሚሸከመውን አህያም አይችለው። ባለቤታቸው እንደሚሉት ከሆነ ጋሽ ሸንሻኝ የስልክ ጥሪ እንኳ ሲሰሙ ስልኩን ከማንሳታቸው በፊት ለአራት ያካፍሉታል።

ደግሞ የራሳቸው ምልክት አላቸው። ትንፋሽ የምንወስድበት ቦታ ላይ ነጠላ ሰረዝ፣ ሥራው ሲያልቅ አራት ነጥብ። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ይገባዋል ባይ ናቸው። በሙዚቃ ወረቀት ላይ ግን ነጥብ ተደርቦ ሲቆም «ድገም» ማለት ነው። እናም ቀኑን ሙሉ የሰው ነጥብ ስለቅም የምውለው እኔ፣ ሦስቱ ጨርሰው ፍሉታቸውን ሲያወርዱ ብቻዬን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አንድ ገጽ ሙሉ ተጫወትኩ።

«ምነው ዝም አላችሁኝ?» አልኩ ፊቴ በርበሬ መስሎ።

«የት እንደምትደርስ ልናይ ብለን ነው» አሉ ጋሽ ሸንሻኝ።

ባለፈው ክረምት ሳንባዬን ታመምኩ። ከአልጋ ስነሳ ደረጃ መውጣት ፈተና ሆነብኝ። ፍሉቴን አንስቼ ነፋሁ፤ ስድስት ሳልቆጥር ትንፋሼ አለቀ። በነርሷ ክሊኒክ ለታካሚዎች የምናቀርበው ዝግጅት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በሕይወቴ ለራሴ ብቻ ብዬ የያዝኩት ነገር ቢኖር ፍሉቷ ናት፤ እሷም ልትቀርብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። እሑድ ሄጄ ሌላ ሰው ፈልጉ አልኳቸው።

ጋሽ ሸንሻኝ ሰዓታቸውን አወጡ። «እስቲ ንፋ።»

ነፋሁ።

«አምስት ተኩል» አሉና እንደ አጥር ልኬት ደብተራቸው ላይ ጻፉት። አይዞህ እንኳ አላሉኝም። እንደ መሬት ተለክቼ መሸኘቴ ከነከነኝ።

በሳምንቱ አዲስ ወረቀት ሰጡኝ። ነጠላ ሰረዝ ፈሶበታል። ሥራ ቦታ ቢደርሰኝ ግማሹን እሰርዘው ነበር። ከነጠላ ሰረዝ እስከ ነጠላ ሰረዝ ብቆጥር የትኛውም ከአምስት አይበልጥም። ሁለት እሑድ ለየብቻ አለማመዱን፤ አራታችን የተገናኘነው በዝግጅቱ ቀን ነው። እኔ በየደረስኩበት ስቆም ሙዚቃው ይቦጫጨቃል፣ ሰው ይታዘበናል ብዬ ፈራሁ።

በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ስንጀምር ግን አልተቦጫጨቀም። እኔ ባቆምኩበት ድምፁ ይቀጥላል። አጠገቤ የቆመችውን የነርሷን ወረቀት ሰረቅ አድርጌ አየሁ። የእኔ ነጠላ ሰረዝ ባረፈበት ሁሉ በእርሳስ «ተቀበዪው» ተብሎ ተጽፏል። የጋጋሪውም እንደዚያው። ሰውዬው የእኔ ትንፋሽ ሲያልቅ የሌላው እንዲጀምር አድርገው ሙዚቃውን ከሥር ከመሠረቱ እንደገና ሸንሽነውታል። ዓይኔ እንባ አቅርሮ አንድ መስመር ሙሉ በግምት ነፋሁ። እኔ እኝህን ሰውዬ እንዴት እንደምወዳቸው ያወቅኩት ያኔ ነው።

ታካሚዎቹ ሲያጨበጭቡ የወረቀቴን መጨረሻ አየሁ። እዚያም ያለው ነጠላ ሰረዝ ነው።

«ጋሼ፣ አራት ነጥቧን ረስተዋታል» አልኳቸው፤ የአራሚ ነገር።

ፍሉታቸውን ከመወልወል ቀና አላሉም። «አልረሳሁም። አራት ነጥብ ካየህ ከመጀመሪያው ትጀምርብናለህ ብዬ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ያን ዕለት አራት ነጥብ ባገኝ ኖሮ ከመጀመሪያው እጀምር ነበር።