ሚሞሪ የሚበላ የመክፈቻ ንግግር

በእኛ አገር ያለ መክፈቻ ንግግር የሚጀመር ነገር ዝናብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኋላ አስተውዬ ሳየው ለካ እሱም ነጎድጓዱን ያስቀድማል። ሠርግ ብትሄዱ ንግግር አለ። የውሃ ጉድጓድ ሲመረቅ ብትሄዱ ንግግር አለ፤ ሕዝቡ ጀሪካኑን ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ተናጋሪው ውሃ ለሰው ልጅ እንደሚጠቅም ያስረዳዋል። አድማጩም አይከፋውም፤ ያጨበጭባል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ ይጠብቃል። እኔ ግን ይከፋኛል። ለምን እንደሚከፋኝ ለመንገር ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ ነውና ታገሡኝ። ቂም እንደ ቀርከሃ ነው፤ ላይ ላዩን ቢቆርጡት ሥሩ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል።

ክልሉ አዲስ በነበረበት ዘመን ከዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመርቄ አሶሳ ተመደብኩ። ያኔ መሥሪያ ቤት ማለት አንድ ክፍል፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና ወንበር የሚጠብቁ ብዙ ሰዎች ማለት ነበር። ሁሉም ነገር ከሀ ስለሚጀመር፣ እኛም ወጣቶች ስለነበርን፣ ሥራው ይጣፍጥ ነበር፤ ይህን አልክድም። ለተማሪዎች የፊዚክስ አጋዥ መጽሐፍ ያስፈልጋል ተባለና አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጬ በእጄ ጻፍኩት። ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ፦ ግዛቸው» ይላል። ግዛቸው በተማሪነታችን አንድ ዶርም አብረን ያደርን፣ ያኔ ደግሞ የመጽሐፍ ዝግጅት ኮሚቴው ጸሐፊ የነበረ ባልደረባዬ ነው። የእኔን ስም ብፈልግ ብፈልግ መግቢያው ግርጌ «በልዩ ልዩ መንገድ የተባበሩን» ከሚሉት መካከል፣ ከሾፌሩ ቀጥሎ አገኘሁት። ልዩ ልዩ መንገድ የተባለው መጽሐፉን መጻፌ ነው። በዚያ መጽሐፍ ምክንያት ግዛቸው ውጭ አገር ሠልጥኖ ተመለሰ፤ እኔ መምህር ሆኜ ጠመኔዬን ይዤ ቀረሁ። ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይባላል። ማስተማር ግን ይሆናል። እኔ ምስክር ነኝ።

እንግዲህ ጸጉራችን ከሸበተ በኋላ፣ የፊዚክስ መምህር ባልተገኘባቸው ወረዳዎች ያሉ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በኦንላይን ይማሩ የሚል ሐሳብ መጣ። ለሥራው ሦስት ሰዎች ተመደብን። ሰብሳቢው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም፤ ግዛቸው ነው። ትምህርቱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሦስተኛዋ ሐዋ ናት፤ በብሔሯ በርታ ናት፣ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ተማሪው አማርኛን ከቤቱ ይዞ እንዳልመጣ ከራሷ ስለምታውቅ ትምህርቱ ለጆሮው እንዲስማማ ታግዘን ዘንድ የተመረጠች ናት። እኔን «ኡስታዝ» ነው የምትለኝ፤ መምህር ማለቷ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ፊዚክስ የተነሣ ነገር የለም። የተነሣው ስለ መክፈቻ ንግግሩ ነው። ግዛቸው እያንዳንዱ ትምህርት በሰብሳቢው መልእክት እንዲከፈት አሳሰበ።

«በእያንዳንዱ?» አልኩ።

«ያለ መክፈቻ የሚለቀቅ ትምህርት ባለቤት የሌለው በግ ይመስላል» አለ።

«በጉን የሚገዛው እኮ ተማሪው ነው፤ በዳታው» አለች ሐዋ። «ንግግሩ ሲያልቅ ዳታውም ያልቅበታል፤ ከዚያ ምኑን ይማራል?»

«የአገር መልእክት እኮ ነው፣ ሐዋ።»

«ወላሂ አገሩ ኔትወርክ የለውም።»

ሦስት ሆነን ድምፅ መስጠት አያስፈልግም ተባለና በሰብሳቢው ሐሳብ ተስማማን። እኔ አልተከራከርኩም፤ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነበር። ስብሰባው ሲያበቃ ግዛቸውን በረንዳው ላይ ያዝኩትና በትምህርቱ ውስጥ ስሜ እንዲጠራ ጠየቅሁት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጀመሪያው ላይ።

«ወንድሜ፣ የቡድን ሥራ ነው። የግለሰብ ስም ከገባበት ቅሬታ ይነሣል።»

«ያንተስ ስም?»

«የእኔማ የመሥሪያ ቤቱ ነው።»

አያችሁ፣ የሰው ልጅ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለቴ የሚገባው መንገዱ በዚያ ስለሆነ ነው። ያን ምሽት ሥራውን ልተወው አሰብኩ። ብተወው ግን ማን ይጎዳል? ግዛቸው ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ መምህር ያላገኘችው የማንቡክ ከተማ ተማሪ ደግሞ ፊዚክስን ሸምድዶ ይቀራል። እናም ስሜን ካስቀሩት ሥራዬን ለተማሪው ላቆይለት አልኩ። በእልህ ነው የሠራሁት። በእልህ የተሠራ ነገር ከፍቅር ሥራ ያንሳል የሚል ሰው እልህ ይዞት አያውቅም።

ከሐዋ ጋር ተቀምጠን ትምህርቱን ከታች ወደ ላይ ሠራነው። አንድ ትምህርት አንድ ሐሳብ ብቻ ይይዛል፤ ሁለተኛ ሐሳብ ከመጣ ሁለተኛ ትምህርት ይሆናል። የኔ ፊት አይታይም፤ ድምፄና ሥዕል ብቻ፣ እንዳይከብድ። የመጀመሪያው ስለ ወዳቂ አካላት ነው፤ የሚጀምረውም የበሰለ ማንጎ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወድቅ በሚሰማው ድምፅ ነው። በእኛ ሰፈር ይህን ድምፅ ሰምቶ ያልደነገጠ ሰው የለም። ስለ መተጣጠፍ የሚያወራው ስለ ቀርከሃ ያወራል፤ ስለ ጥግግት የሚያወራው አሸዋና ወርቅ ስለሚለያይበት ገበቴ ያወራል። ግን የነገሩ ልብ የሐዋ ነው። በየትምህርቱ መካከል እንዲህ እንድል አዘዘችኝ፦ «አሁን አቁሙት። የገባችሁን ከጎናችሁ ላለው፣ በየቤታችሁ ቋንቋ አስረዱት።»

«እኔ ያልሰማሁትን ትክክል ይሁን ስሕተት በምን አውቃለሁ?» አልኳት።

«አንተ አታውቅም፤ እነሱ ያውቃሉ። ኡስታዝ ሁሉን ካልሰማሁ ካለ ኡስታዝ አይደለም፣ ፖሊስ ነው።»

ድምፁን የቀዳነው ክረምት ላይ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አቁመን እንቀመጣለን፤ ፋታ ሲሰጠን እንቀጥላለን። ግዛቸው በበኩሉ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከኋላው መጋረጃ ተዘርግቶለት፣ «ከሁሉ አስቀድሜ» ብሎ ጀመረ። ያ አንድ ንግግር በሁሉም ትምህርት ራስ ላይ ተለጠፈ። ተለክቶ ሲታይ ንግግሩ ከትምህርቱ ይረዝማል። ቆብ ከሰውየው ሲበልጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

መስከረም ላይ ተለቀቀ። የት ተለቀቀ? ሰማይ ላይ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ለኦንላይን ትምህርት የተተረተ ነው የሚመስለው። አሶሳ ከተማ ውስጥ የግዛቸው አፍ እንደተከፈተ ምስሉ ቆሞ ይቀራል፤ ሰውየው ለሰዓታት «ከሁ» እንዳለ ነው። ሁሉም ነገር እንደማይሆን ቆጥሬ ተስፋ ቆረጥኩ። በእውነቱ በግዛቸው ውድቀት ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወዳቂው የእኔም ሥራ መሆኑ ደስታውን አበላሸብኝ እንጂ።

ከዚያ በጥር ወር ግዛቸውና እኔ የትምህርቱን አያያዝ እንድናይ ካማሺ ወዳለ ትምህርት ቤት ተላክን። በወለጋ በኩል ዞረን፣ መኪናዋ በየጉድጓዱ እየሰገደች ደረስን። ክፍሉ በተማሪ ሞልቶ ጠበቀን። ግዛቸው ተነሣ፤ ራሱን የትምህርቱ ሰብሳቢና አስተባባሪ ብሎ አስተዋወቀ፤ የተለመደውን ያህል ተናገረ። በመጨረሻም፦

«ለመሆኑ የመክፈቻ መልእክቱን እንዴት አገኛችሁት?» ሲል ጠየቀ።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ ጓደኛዋን በጉምዝኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ከዚያ እጇን አወጣች።

«የቱ መልእክት?»

«መጀመሪያ ላይ ያለው፤ እኔ የምናገረው።»

«እኛ ጋ የመጣው መጀመሪያ ማንጎ ነው የሚወድቀው» አለች።

ነገሩ ቀስ እያለ ተገለጠልን። አንድ ሰው ኔትወርክ ካለበት ከተማ ያወርደዋል፤ ከዚያ በገበያ ቀን ዘፈንና ፊልም በስልክ የሚጭኑት ቤቶች ይቀበሉታል፤ ከዚያ በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ እየዘለለ መንደር ይገባል። ጫኚዎቹ ደግሞ ሚሞሪ የሚበላውን ሁሉ ቆርጠው ይጥላሉ። የዘፈን ማስታወቂያ ይቆርጣሉ፤ የፊልም ስም ዝርዝር ይቆርጣሉ፤ ግዛቸውንም ቆረጡት። በክፋት አይደለም። ቦታ ስለሚይዝ ነው።

ግዛቸው ወደ እኔ ዞረ፤ አንድ ነገር በል ማለቱ ነው። ተነሣሁና «እንደምን ዋላችሁ?» አልኩ።

ይህን ብቻ ነው ያልኩት። ክፍሉ ግን ተንጫጫ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «እሱ ነው» አለ። ሌላው «ድምፁ ነው፣ ራሱ ነው» አለ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ቆሙ፤ ከኋላ ወንበር ወደቀ። ለግዛቸው ሲገባ ቆመው ነበር፤ ይህ ግን ያ አይደለም፤ ለባለሥልጣን ሲቆም ወንበር አይወድቅም።

ያቺ ልጅ «ጋሼ፣ ስምህ ማን ነው? እኛ አጣነው» አለችኝ።

ስሜን ነገርኳት። ከዚያ ሌላ የምለው ሲጠፋኝ የለመድኩትን አልኩ፦ «አሁን የገባችሁን ከጎናችሁ ላለው አስረዱት።» ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ከሚሉት አንድ ቃል አልገባኝም። እጃቸውን ግን አየሁ፤ ከላይ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ እየፈጠነ ይወርዳል፣ ዴስኩን ይመታል። አንዱ ሲያዘገየው ጓደኛው እጁን ይዞ ያርመዋል። ፊዚክስ ነበር። የእኔ ፊዚክስ፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ ያለ ምንም ስሕተት።

ስንመለስ ግዛቸው መስኮቱን እያየ፣ «በሚቀጥለው ዙር መክፈቻውን አንተ ብታደርገው ይሻላል» አለ። «ያንተን አይቆርጡትም።»

አሶሳ እንደገባሁ ተቀምጬ ንግግሬን ጻፍኩ። ብዕሬ አልቆም አለኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ክልሉ አዲስ የነበረበትን ዘመን አነሣሁ፤ መጽሐፉን አነሣሁ፤ «ልዩ ልዩ መንገድ» ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር አብራራሁ። ስንት ዘመን የታመቀ ነገር ነው። ጮክ ብዬ ለሐዋ አነበብኩላት። ጥቂት አዳመጠችና አቋረጠችኝ።

«ኡስታዝ፣ ትምህርቱ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ትንሽ ቀረኝ።»

«እንግዲያው ሚሞሪ ይበላል» አለች።

ተናደድኩ። ከዚያ ሳቅሁ። የካማሺ ዘፈን ጫኚ ለግዛቸው ያላዘነውን ለእኔ ለምን ያዝናል? ቂሜ ለእኔ ሕይወት ነው፤ ለተማሪው ግን ከማስታወቂያ አይለይም። ወረቀቱን አስቀምጬ ማይክሮፎኑን ከፈትኩና ስሜን ተናገርኩ፤ «እንጀምር» አልኩ። ይኸው ነው። ማንም አልቆረጠውም። ለመቁረጥ የሚበቃ ርዝመት የለውም።

ለእናንተ ስሜን አለመንገሬን ያስተዋላችሁ ካላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ካማሺ ወርዳችሁ ማንኛውንም ተማሪ ጠይቁ።