የዶክተር ሌንጂሳ አሥራ አንድ ጂኖች

ጥናቱ «ሊያልቅ ትንሽ የቀረው» ምሁር የሌለበት ከተማ የለም። ለአምቦ የደረሳት ክቡር ዶክተር ሌንጂሳ ነው።

ዶክተርነቱ የመርፌና የኪኒን አይደለም። ባሕር ማዶ ያሉ የቆዳ ካንሰር ሕሙማንን የዘር መረጃ ከኢንተርኔት ያወርድና፣ የትኛው ጂን ሲበዛ በሽተኛው ቶሎ እንደሚሞት፣ የትኛው ሲበዛ እንደሚሰነብት በኮምፒውተር ያበጥራል። ይህን ለባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ያስረዳል። ሾፌሩ በምላሹ ስለ ጨጓራው ሲያማክረው ይቀየማል።

«ዳታው ብቻ ይውረድልኝ!» ይላል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ። ኢንተርኔት የተቋረጠ ጊዜ ላፕቶፑን ታቅፎ በሚኒባስ አዲስ ዓለም ከተማ ድረስ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ዘጠና ስምንት በመቶ ላይ መብራት ጠፋበት። ቤቱ ሄደን እንደ ለቀስተኛ አጽናናነው።

አምና ጥናቱ አለቀ። አሥራ አንድ ጂኖች አገኘ። ጉደር ከተማ ለባልደረቦቹ ሲያቀርብ እኔም ሄጄ አንድም ነገር ሳይገባኝ አጨበጨብኩ።

በዚያው ሳምንት ገበያ ጤፍ የምትሸጠው ታላቅ እህቱ ቢፍቱ መራመድ አቃታት። ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ቁስል ነበር። አዲስ አበባ ወስዶ ሲያስመረምራት የቆዳ ካንሰር ነው ተባለ፤ ብሽሽቷ ድረስ ወጥቷል።

ከዓመት በፊት ነግራው ነበር። «ሌንጂሳ ኮ፣ የኔ ሌንጂሳ፣ ውስጥ እግሬን የሆነ ነገር ይወጋኛል» ብትለው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «እሾህ ይሆናል፤ ቅቤ አድርጊበት» አላት። እሷም የተማረ ወንድሟ ያዘዘውን አንድ ቀን ሳታጓድል ቀባች።

«ጂኖቹስ?» አልኩት።

«የእሷን በምን እለካዋለሁ? መለኪያው እዚህ የለም። ቢኖርስ? ካወረድኳቸው ሰዎች መካከል እንደ እሷ ውስጥ እግሩን የታመመ የለም ማለት ይቻላል።»

በየካቲት ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው በር ላይ በርጩማ ይዞ ይቀመጣል። ያለፈ ያገደመውን «ጫማህን አውልቅ፣ ውስጥ እግርህን ልይ» ይላል። የሚቆምለት የለም። «ዶክተሩ ለየለት» ይሉታል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ስቄአለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እኔን ጠራኝ። አፍሬ ተቀመጥኩ። አንዱን ጫማዬን አውልቆ ላቡን በመሐረቡ ጠርጎ እግሬን ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ የጣቶቼን መሃል ሳይቀር አንድ በአንድ አየ።

«ንጹሕ ነው» አለ። እንዲያም ብሎ እግሬን አልለቀቀም። ጤፍ ሻጮቹ ቆመው ያዩናል። ጎንበስ ብዬ የሌላኛውን እግሬን ጫማ ክር ፈታሁለት።