ዝምታን ያጠናው ዶክተር

(የአንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ክፍል። ዶክተሩ «የበታች ሠራተኛ ለምን አይናገርም?» የሚል ጥናት ይዞ ሦስት ወር እዚሁ ከርሟል፤ ነገ ለበላይ ኃላፊዎች ያቀርባል። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ባልዲዋን እንዳንጠለጠለች በጥድፊያ ከገባች ጀምሮ በወንበር ይነታረካሉ።)

ዶክተር፦ ይቀመጡ ብያለሁ!

እትዬ፦ ቆሜ ይሻለኛል፣ ቸኩያለሁ። እታች መጋዘኑ ጋ...

ዶክተር፦ እኔ ተቀምጬ እርስዎ ከቆሙ ሥልጣኑ እኔ ዘንድ ይሆናል። እኩል መሆን አለብን። ይቀመጡ፣ ትእዛዝ ነው!

እትዬ፦ (ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ) እሺ ዶክተር። መጋዘኑ ውስጥ...

ዶክተር፦ «ዶክተር» አይበሉኝ። «አንተ» ይበሉኝ።

እትዬ፦ ኧረ ነውር ነው!

ዶክተር፦ ነውር ነው ብሎ ማን አስተማረዎት?

እትዬ፦ እናቴ።

ዶክተር፦ ሥርዓቱ ነው!

እትዬ፦ ኧረ እናቴ ናት።

ዶክተር፦ (እየጻፈ) «ጭቆናዋን ገና አልተገነዘበችም።» ይኸውልዎት፣ የኔ ጥናት እንደ ሌላው አይደለም። አጥኚው ራሱንም ይመረምራል።

እትዬ፦ አገኙ ታዲያ?

ዶክተር፦ እስካሁን ምንም ጥፋት አላገኘሁም። ጥያቄ አንድ፦ ሐሳብዎን ለምን አይናገሩም?

እትዬ፦ እናገራለሁ እንጂ! አሁንስ የመጣሁት ያ ካርቶንዎ...

ዶክተር፦ ካርቶኑን እንዳይነኩ! ውስጡ ያለው ቅጽ የሦስት መቶ ሠራተኛ ድምፅ ነው፤ ቅጂ እንኳ የለውም።

እትዬ፦ ላነሳው ብዬ ነበር፤ «ማንም እንዳይነካ» ብለው ለጥፈውበታል።

ዶክተር፦ ጎሽ! ጥያቄ ሁለት፦ ሲናገሩ የሚያቋርጥዎት ሰው አለ?

እትዬ፦ እንዴ፣ አሁን እኮ...

ዶክተር፦ አይቸኩሉ፣ አልጨረስኩም። ሲያቋርጥዎትስ ምን ይሆናል?

እትዬ፦ ምን ይሆናል፣ ውሃው ይሞላል።

ዶክተር፦ (ብዕሩን እያጣደፈ) ግሩም! ውሃው የታፈነ ቁጣ ነው!

እትዬ፦ የቧንቧ ውሃ ነው።

ዶክተር፦ ቧንቧው ደግሞ መዋቅሩ!

እትዬ፦ ፈንድቷል እኮ ነው የምልዎት!

ዶክተር፦ ይፈነዳል! አንድ ቀን መፈንዳቱ አይቀርም!

እትዬ፦ ዛሬ ጠዋት ነው የፈነዳው። ካርቶንዎ ላይ።

(ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። በሦስት ወር ውስጥ ዶክተሩ ዝም ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እትዬም ሆዷ ባባ፣ ግን ብዙም አይደለም።)

ዶክተር፦ ሦስት መቶው ቅጽ? ነገ የማቀርበው? ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?!

እትዬ፦ (ብዕሩን አንሥታ ወንበሩ ላይ እየተደላደለች) ይሄኛው ስንተኛው ጥያቄ ነው? ቅጹን አምጣው፣ እኔ ልሙላልህ።