ኑሮዎ ለአሥራ አምስት ቀን እንዳይሻሻል

የሰው ልጅ ኑሮ በመጠይቅ ሊለካ እንደሚችል ከታወቀ ወዲህ የእኛ ሆስፒታል በዚህ ታላቅ ተግባር ከማንም ወደኋላ ቀርቶ አያውቅም። ባለፈው ዓመት በዶክተር ሌአንድሮ ቤሮካል የሚመራው ኮሚቴ የሕሙማንንና የአስታማሚዎቻቸውን የኑሮ ጥራት የሚለካ፣ ሠላሳ ስድስት ጥያቄ ያለው የስፓኝኛ መጠይቅ አሰናዳ። የቀረው ነገር መጠይቁ የሚታመን መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነበር። እኔም ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ የዚህ ክብር ተካፋይ ነኝ።

የማረጋገጫው ዘዴ ቀላል ነው። ሰው መጠይቁን ዛሬ ይሞላል፤ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እንደገና ይሞላል። መልሱ ከተመሳሰለ መጠይቁ የታመነ ነው። ካልተመሳሰለ ግን ጥፋቱ ሳያስፈቅዱ የሚለወጡ ሰዎች እንጂ የመጠይቁ ሊሆን እንደማይችል ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ስለዚህ ለጥናቱ ለተመዘገቡት አርባ አንድ ሕሙማንና ለአስታማሚዎቻቸው ደብዳቤ ተጻፈ፦ «ለሳይንስ ሲባል እስከ ሁለተኛው ዙር ድረስ ኑሮዎ እንዳይሻሻል በትሕትና እናሳስባለን።»

ሕዝባችን ተባባሪ ነው። አንድ የዓይን ቀዶ ሕክምና ተላለፈ፤ የአንድ ፎቅ አሳንሰር ጥገና ቆመ። አንድ ሳላቸው የጠናባቸው ሽማግሌ ብቻ በድብቅ ዳኑ፤ ከመዝገቡ ተሰረዙ። አርባ ቀሩ። ደንቡም ከአርባ በታች አይፈቅድም።

እንቅፋት የሆኑት ወይዘሮ ካሲልዳ ናቸው። ባላቸው ሄርሜኔሂልዶ ጡረተኛ የባቡር ነጂ ናቸው፤ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካለ ሁለት ዓመት ሆኗል። ወይዘሮዋ በነዚህ ሁለት ዓመታት ከዳቦ ቤት አልፈው አያውቁም፤ የሐሙስ ካርታ ጨዋታቸውም ቀርቷል። የመጀመሪያውን መጠይቅ በሞሉ በሦስተኛው ቀን ማዘጋጃ ቤቱ በሳምንት ሦስት ከሰዓት በኋላ የምትመጣ ረዳት ፈቀደላቸው።

ዶክተሩ ወዲያው አስጠሯቸው።

«ረዳቷ ለሁለት ሳምንት ብትቆይልን?»

«ለምን ሲባል?»

«ከመጣች ኑሮዎ ይሻሻላል።»

«እና ለምን የጠየቅኳት መሰለህ?» አሉ ወይዘሮዋ። የዶክተሩን እናት ስለሚያውቁ አንቱታው ብዙ አይቆይም።

«ጥያቄ አሥራ ሰባት ላይ ማን ያግዝዎታል ሲባል ‹ማንም የለም› ብለዋል። አሁን መልሱ ከተለወጠ መጠይቁ ይወድቃል።»

«ይውደቃ! የእኔ ወገብ ከተቆረጠ ሁለት ዓመቱ ነው። በል፣ ከዝርዝርህ አውጣኝ።»

ዶክተሩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አድርገው መጠይቁን ሳቡ።

«ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ተቀጣሪ ረዳት፣ ማንም የለም። ሐኪም የሚል የለበትም?»

«የለበትም» አሉ ዶክተሩ በኩራት። «ሦስት ባለሙያዎች መርምረውታል።»

«እንግዲያው አንተ ራስህ ና። ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ። መልሴ ንቅንቅ አይልም።»

«ግን ካርታ ሲጫወቱ ደስ ይልዎታል። ጥያቄ ሃያ ሁለት ስለ ደስታ ነው።»

«የምጫወተው ከኤንግራሲያ ጋር ነው። እሷ ስታጭበረብር እያየ ማን ደስ ይለዋል?»

ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ፣ የዶክተሩ እዚያ መገኘት በሳይንስ ዓይን እንዳለመገኘት እንዲቆጠር ወሰነ። ዶክተሩ ፈረሙ።

የመጀመሪያው ሰኞ አብሬያቸው ሄድኩ።

«ከግራ አንሣኝ ልጄ» አሉ ሄርሜኔሂልዶ። «ከግራ አልኩህ! ኧረ የከሰል ፉርጎ እንኳ እንዲህ አይጎተትም!»

ዶክተሩ አነሷቸው፣ አጠቧቸው፣ ሸሚዝ ቀየሩላቸው፤ ከዚያም በዶሚኖ አራት ጊዜ ተሸነፉ።

«ይህን ሁሉ ወይዘሮ ካሲልዳ ብቻቸውን ነው የሚያደርጉት?» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

«እሷማ እየዘፈነች ነው የምታደርገው። አንተ ምነው ታቃስታለህ?»

በአሥራ አምስተኛው ቀን ወይዘሮ ካሲልዳ ፀጉራቸውን ቀለም ተቀብተው፣ እየሳቁ መጡና ሠላሳ ስድስቱንም መልስ እንደ በፊቱ ሞሉ። «ሁልጊዜ ይደክመኛል» የሚለው ላይ ምልክት ሲያደርጉ ጉንጫቸው እንደ ሮማን ቀልቶ ነበር። ኮሚቴው አጨበጨበ፤ ምንም ዓይነት የሰው ጉዳይ የማያናውጠው መጠይቅ ተወለደ። ውጤቱም በኩራት ለማዘጋጃ ቤቱ ተላከ።

ዶክተሩ ወገባቸውን ይዘው ረዳቷን ለማስጀመር ወደዚያው ሄዱ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላበጠች።

«ረዳቷ ለሌላ ቤት ተሰጥታለች። በእናንተው መጠይቅ መሠረት ሴትዮዋ ያለ ማንም እርዳታ ምንም አልተባባሰባቸውም።»

«ያለ እርዳታ? እኔ ነበርኩ እኮ!»

«እዚያ እንዳልነበሩ እዚህ ላይ ፈርመዋል፣ ዶክተር። ይግባኝ ይበሉ፤ ስምንት ወር ይፈጃል።»

ወይዘሮ ካሲልዳ ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን አነሱ። «ስምንት ወር ምን አላት? ታልፋለች። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ እንዳታሳርረው» ብለው ወጡ።

መጠይቃችን በሴቪያ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ሲሸለም ሜዳሊያውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ዶክተር ቤሮካል ሊመጡ አልቻሉም፤ ዕለቱ ሐሙስ ነበር።