ጋሽ ገረሱ እና የሰው ደሞዝ

የሰው ደሞዝ የማይጠይቅ ጎረቤት ብቻ የሚኖርበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ ዕቃዬን ጭኜ ዛሬውኑ እገባለሁ። ያለ ግን አይመስለኝም። ለእኛ ብሎክ የደረሱት ክቡር ጋሽ ገረሱ ናቸው፤ ጡረተኛ፣ የልደታ ኮንዶሚኒየም የደሞዝ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ሹመታቸውን ራሳቸው ያጸደቁ።

ጽሕፈት ቤታቸው ከደረጃው ሥር ያለች የፕላስቲክ ወንበር ናት። ከሥራ ስትገባ ሳያዩህ አታልፍም። ጤናህን ጠይቀው ሳይጨርሱ ደሞዝህ ላይ ይደርሳሉ። ቁጥሩን ስትነግራቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ "የተጣራ ነው ያልተጣራ?" ይላሉ። እኔ ጋዜጣ ላይ ነው የምጽፈው። የተጣራውን ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው "እግዜር ያጥናህ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ የማወራ መስዬ ነበር የማልፋቸው።

አንድ ጊዜ ለጎረቤታችን ልጅ ሽማግሌ ሆነው ተላኩ። የልጅቷ አባት የልጁን ሥራ ሲጠይቁ፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ጨዋነቱን ተናግረው ሳይጨርሱ፣ ጋሽ ገረሱ ዳታ አናሊስት መሆኑን፣ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ቢሆን ኖሮ ግን እጥፍ ያገኝ እንደነበር አስረዱ። ሌላ ሽማግሌ መላክ የግድ ሆነ፤ ያለ እሳቸው።

ዳታ አናሊስት ላይ ያላቸው ቅሬታ ከገዛ ቤታቸው የመጣ ነው። አንድያ ልጃቸው ሔኖክ ባንክ ውስጥ ዳታ አናሊስት ነበር። ከላያቸው ፎቅ ላይ የሚኖረው ገመቺስ ደግሞ ለውጭ ኩባንያ የሚሠራ ዴቨሎፐር ነው፤ የሚከፈለውም የሔኖክን እጥፍ። "ዳታ አናሊስት የሰው ገንዘብ ይቆጥራል፤ ዴቨሎፐር የራሱን" ይሉ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ ያረፉ ጊዜ እንኳ፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ገመቺስን ድንኳን ውስጥ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እንባቸውን እየጠረጉ ዘንድሮ ጭማሪ ነበረ ወይ ብለው ጠየቁት። እኛ በነጠላችን ተሸፍነን ሳቅን። አሁን ሳስበው ሌላ የሚያወሩት ነገር ጠፍቷቸው ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ሔኖክ በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከታክሲ ይወርዳል፤ አባቱን ከወንበራቸው ያስነሳና ደረጃውን ወጥተው ቤታቸው በአንድ ሳህን እራት ይበላሉ። በሩ ክፍት ስለሆነ የገመቺስና የሔኖክ ደሞዝ ሲነጻጸር እስከ ደረጃው ይሰማል። አንድ ምሽት ሳልፍ ሔኖክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባዬ፣ ደሞዜ ቢያንስም እራት አብረን እየበላን ነው እኮ" ሲል ሰማሁት።

"እራትማ የትም ይበላል" አሉት።

ልጁ ምክራቸውን ሰማ። ኮዲንግ ተማረ፣ ዴቨሎፐር ሆነ፣ የውጭ ኩባንያ ቀጠረው። የቀጣሪዎቹ ቀን የእኛ ሌሊት ስለሆነ እራት ሰዓት ላይ ሥራ ይገባል፤ ቀን ይተኛል። ጄኔሬተር ያለው ቤት ሲኤምሲ ሰፈር ተከራይቶ ወጣ። ለአባቱ ትልቅ ፍሪጅ ገዛላቸው። ጋሽ ገረሱ አዲሱን ደሞዝ ለብሎኩ ሁሉ አበሰሩ፤ ከገመቺስም ይበልጣል። ሳምንት ሙሉ እንኳን ደስ ያለዎት ሲባሉ ሰነበቱ። ከዚያ በኋላ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ ማንንም ግን ስንት ታገኛለህ አይሉም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወደ ታክሲ መውረጃው ያያሉ። አሳዘኑኝ። የሸሸሁት ጥያቄ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ስልኬን ኪሴ ከትቼ አጠገባቸው ቆምኩ። ቀና ብለው አዩኝ።

"ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው የምትገባው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት።"

"የተጣራ ነው? ቤት ገብተህ ኮምፒውተር አትከፍትም?"

ለማታው የማደርሰው ጽሑፍ ነበረብኝ። "የተጣራ ነው" አልኳቸው።

ወንበራቸውን አንስተው እየመሩኝ ደረጃውን ወጡ። ቤት እንደገባን ፍሪጁን ከፈቱ።

"ዳታ አናሊስት እያለ በዚህ ሰዓት ነበር የሚገባው" አሉ፣ አንድ ሳህን እያወጡ።