ለአያት ስም የሚሆን ቦታ

«በቃ» የሚባለውን ቃል የማያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ሰመራ ላይ ገጥሞኛል። ፋጡማ ትባላለች፤ በምሠራበት የጭነት ድርጅት የሒሳብ ሶፍትዌሩን የምታስተካክል ፕሮግራመር ናት።

ደረሰኛችን የሚያትመው የሹፌሩንና የአባቱን ስም ብቻ ነበር። እኛ ደግሞ ሦስት መሐመድ አሊዎች አሉን! አንድ ቀን አንደኛው የሌላኛውን ደረሰኝ ይዞ አዋሽ ድረስ ሄደና የመኪናው ታርጋ ከደረሰኙ ጋር አልገጥም ብሎ ኬላ ላይ ታግዶ ዋለ።

«የአያቱን ስም በእስክሪብቶ ጨምሩበት» አለ ሥራ አስኪያጃችን።

«የሰው አያት በእስክሪብቶ አይጨመርም!» አለችው ፋጡማ።

ሶፍትዌሩ በቅርቡ ሲታደስ፣ ፕሮግራመሮች ራሳቸው ኮድ ጽፈው የደረሰኙን ቅርጽ እንዲለውጡ ፈቅዶ ነበር። ሁለት ቀን ከወንበሯ አልተነሳችም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ለሶላት ተነስታለች። አያትየው አንዴ ከወረቀቱ ይወጣሉ፣ አንዴ የመኪናው ታርጋ ላይ ይደረባሉ። እሷም እንደገና ትጽፋለች። በሦስተኛው ቀን ስማቸው ጥርት ብሎ ታተመ።

ታግዶ የነበረው መሐመድ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ አነበበ።

«ማሻ አላህ፣ አያቴ!» አለ። ከዚያ ቀና አለና «እህቴ ፋጡማ፣ የቅድመ አያቴስ?» ሲል ጠየቃት።

ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች።